በጦስኝ ላይ የፈረድኩበት ጾም

እኔ ሲፈጥረኝ እርግጠኛ ሰው ነኝ። ላሊበላ ውስጥ በምሠራበት ሆስፒታል የመድኃኒት መስኮት ላይ ተቀምጬ ለሰው ክኒን ስሰጥ ድምፄ አይወላውልም። ከገጠር ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጣ ሰው ፊት ቆሞ “ምናልባት” የሚል ባለሙያ ያናድደኛል። ሰው ከበሽታው በላይ የሚፈራው የባለሙያውን ማመንታት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ አላመነታም። ይህ ጠባዬ በሥራዬ ብዙ ጠቅሞኛል። አንድ ዓመት በጾም ወራት ግን አባቴን ኩላሊታቸውን ሊያሳጣቸው ነበር። የምተርከው ስለዚያ ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከከተማው ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ ጥቂት በመኪና ተሂዶ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግር ከወጡ በኋላ በምትገኝ አንዲት የገጠር ደብር ዜማ ያስተምራሉ፣ ማኅሌት ይመራሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። መንደራችን ከፍ ያለና ብርዳም ስለሆነ ከቤታችን በላይ ያለው ገመገም በሙሉ ጦስኝ ነው። ከድንጋይ ድንጋይ የሚሳብ፣ ቅጠሉ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፣ ሲረግጡት ሽታው እግር ላይ የሚቀር ተክል ነው። አባቴ ክረምቱ እንደወጣ ይለቅሙታል፣ ጥላ ላይ ያደርቁታል፣ ዓመቱን ሙሉ አፍልተው ይጠጡታል። ለደም ግፊት ነው ይላሉ፤ ለኩላሊት ነው ይላሉ፤ ለብርድ ነው ይላሉ። የማይሆንለት ሕመም ያለ አይመስልም።

እኔ ፋርማሲ የተማርኩት በዚህ ተክል ተናድጄ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በጦስኝ ዘይት ውስጥ ቲሞል የሚባል ንጥረ ነገር እንዳለ፣ እሱም የደም ሥርን ጡንቻ ሊያላላ እንደሚችል ስሰማ፣ ሌላ ልጅ ብትሆን “ለካ አባቴ ያሉት እውነት ነው” ብላ ደስ ይላት ነበር። እኔ ግን “ታዲያ መጠኑን ማን ለካው?” አልኩ። ለእረፍት ቤት ስመጣ ይህንኑ ይዤ ከአባቴ ጋር ክርክር ገጠምኩ። ኩላሊት የሚኖረው በግፊት ነው፣ ደሙ በኃይል ካልተገፋ ማጣራት አይችልም፣ የደም ሥር ሁሉ ከላላና ግፊቱ ከመጠን በላይ ከወረደ ኩላሊት ደም ይጠማዋል ብዬ አስረዳኋቸው። አባቴ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ “እንግዲያው አንቺ የምትይው፣ አርባ ዓመት ኩላሊቴን ሳስጠማው ኖሬ አንድ ቀን ‘ውሃ’ ሳይለኝ ቀረ ማለት ነዋ” አሉኝ። ተማሪዎቻቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቂም ያዝኩ።

ያን ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ የአባቴ ጉልበት አበጠ። መቋሚያ ተደግፎ ብዙ ሰዓት መቆም በሰባ ዓመት ቀላል አይደለም። የመፃጉዕ ሰንበት ልጠይቃቸው ወጥቼ ሲያነክሱ አየሁ። በማግስቱ ለጉልበት ብለው ከተማ ድረስ አይንከራተቱ ብዬ፣ ይዤ የሄድኩትን የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጠኋቸው። በትንሿ የወረቀት ከረጢት ላይ ለሁሉም እንደምጽፈው በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ፦ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ፍሬ፣ ከምግብ በኋላ፣ ሳያቋርጡ። አባቴ ተቀብለው እንደ ምስባክ ጎላ አድርገው አነበቡት። “ምንም አላጓድል?” ሲሉኝ “አንዲት ፍሬ እንዳያጓድሉ” አልኳቸው።

እንግዲህ የአገራችንን ነገር ለማያውቅ ሰው መናገር ያለብኝ ነገር አለ። በዐቢይ ጾም ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር የእኛ ቀሳውስትና መሪጌቶች እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንዳንዶቹም እስከ ምሽት፣ ውሃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም። ክኒንም ያው ነው፤ ከጉሮሮ ከወረደ ጾም ፈታ። ይህን እኔ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ በዚሁ ቤት ነው ያደግሁት። ነገር ግን የሆስፒታሉ መስኮት ላይ ስቀመጥ የማውቀውና ቤት የማውቀው አይገናኙም ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አባቴን ሁለት ዲያቆናት ደግፈው ሆስፒታል አመጧቸው። ፊታቸው ተነፋፍቷል፣ እግራቸው በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል። ሽንታቸው ከቀነሰ ቀናት ሆኖታል፤ የበሉት አይረጋላቸውም። ሳያቸው ክው አልኩ። ያቺ ደብር የምታናውጥ ድምፃቸው “እንዴት ነሽ ልጄ” ስትል ከጉሮሮ አልወጣ አለች።

ሐኪማችን ወጣት፣ ቀልድ የማያውቅና ጥንቁቅ ሰው ነው። ደማቸውን አስመረመረ፤ የኩላሊቱ ውጤት ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል። ከዚያ አስተኝቶ በአልትራሳውንድ አያቸው፣ እኔም ከራስጌያቸው ቆምኩ። መሣሪያው የደምን ፍሰት በቀለም ያሳያል፤ ሐኪሙ ጎናቸው ላይ ወደሚያስጠጋው እጀታ የሚመጣው ደም ቀይ ይሆናል፣ የሚርቀው ሰማያዊ። በጤነኛ ኩላሊት ላይ ቀለሙ ከግንዱ ተነሥቶ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እስከ ዳር ይደርሳል። በአባቴ ኩላሊት ላይ ግን መሐሉ ላይ ነጠብጣብ ብሎ ይቀርና ዳሩ ጥቁር ነበር። ያን ጥቁር ዳር እስክሞት አልረሳውም። አባቴን ላጣ እችላለሁ የሚል ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ እዚያ ላይ ነው።

ሐኪሙ “ወደ ኩላሊታቸው የሚገባው ደም ቀንሷል። የሚወስዱት መድኃኒት አለ?” ብሎ ጠየቀ። የጠየቀው አባቴን ነበር። የመለስኩት እኔ ነኝ።

“ጦስኝ ነው” አልኩ። “ደረቅ ጾም ውለው፣ በባዶ ሆድ፣ ቀይ እስኪሆን አፍልተው ይጠጡታል። ግፊታቸውን አውርዶት ነው።”

“የሕመም ማስታገሻስ?”

“እኔ ነኝ የሰጠኋቸው። በመጠኑ ነው፣ ከምግብ በኋላ ነው፣ ለአጭር ጊዜ ነው። እሱ አይደለም።”

አባቴ አፋቸውን ከፈት አድርገው ወደ እኔ አዩ። ከዚያ መልሰው ዘጉት። ጦስኙ ስለተነካባቸው የተቀየሙ መሰለኝ። ሐኪሙ ግን ለእኔ እርግጠኝነት ብዙም ሳይጨነቅ “የቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ለማንኛውም ሁለቱም ይቁሙ” አለ። ግሉኮስ ተተከለላቸው፣ ውሃ እንዲጠጡ ታዘዙ። ጾሙን የንስሐ አባታቸው “በሽተኛ ነህ፣ ጠጣ” ብለው ፈቱላቸው። ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ሽንታቸውን በመለኪያ ዕቃ እየለካሁ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን መለኪያው ግማሽ ሲሞላ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ በሽንት ደስ ብሏት ስታለቅስ ያየች ነርስ አበደች ሳትል አትቀርም።

ለሆሳዕና አባቴ ወደ ደብራቸው ተመለሱ። ከመሄዳቸው በፊት ሐኪሙ እንደገና ሲያያቸው ቀለሙ እስከ ኩላሊቱ ዳር ደርሶ ነበር። እኔ ያን ሳይ እፎይ ማለት ሲገባኝ ደረቴን ነፋሁ። የዓመታት ክርክር የረታሁ መሰለኝ። ሐኪሙ ሁለቱንም እንዳስቆመ፣ ውሃም እንደሰጣቸው አውቃለሁ፤ በአእምሮዬ ግን የቆመው ጦስኝ ብቻ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ሰንበት መንደራችን ወጣሁ። ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ማኅበርተኛ በደብሩ ቅጥር ተቀምጦ ዳቦውን ቆርሶ ጠላውን ሲቀዳ፣ አስፈቅጄ ተነሣሁ። ጦስኝ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም እንደሚቀንስ፣ መሪጌታን ለሞት አፋፍ ያደረሳቸው እሱ እንደሆነ፣ በዓይኔ እንዳየሁ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ሰው ደነገጠ። አንዲት መነኩሲት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን በትንሽ ጎጆ የሚኖሩ፣ ከሁሉ በላይ ጦስኝ የሚለቅሙና ለታመመ ሁሉ የሚያድሉ፣ “እኔም ልተወው?” ብለው ጠየቁኝ። “ዛሬውኑ ይድፉት፣ እማሆይ” አልኳቸው። አባቴ በዚያ ሁሉ መሐል ከዳቦው እየቆረሱ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። መነኩሲቷም ያደረቁትን ሁሉ ገደል እንደጣሉት በኋላ ሰማሁ።

የሆነው የታወቀው በፍልሰታ ነው። ዝናቡ በርትቶ የአባቴ ጉልበት እንደገና አበጠ። እኔም ያንኑ ክኒን ይዤ ከች አልኩ። ኩላሊታቸው ደህና መሆኑን በደም ምርመራ ካየን ቆይተናል፤ ጦስኙም ቀርቷል፤ እንግዲህ ምን ያስፈራል? በከረጢቱ ላይ ያንኑ ቃል ጽፌ ሰጠኋቸው። አባቴ አልተቀበሉኝም። እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አላወጡም።

“ይህን እንኳ ይቅርብኝ ልጄ” አሉ።

“ለምን? ጉልበትዎ እንደዚህ ሆኖ?”

“ያኔ ሦስቱን ስውጥ ነው ሽንቴ የከዳኝ።”

“የምን ሦስቱን?”

ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ለደካማ ተማሪ እንደሚያስረዱት ቀስ ብለው ነገሩኝ። “በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ ሳያቋርጡ ብለሽ የለም? በሁዳዴ የምበላው አንዴ ነው። ከዚያች ከአንዷ በኋላ ሦስቱንም ዋጥኋቸው። ሦስት ማዕድ ከየት ላምጣ? አንዷንም አላጓደልኩም።”

“ውሃስ?”

“ውሃማ የዚያኑ ሰዓት አንድ ኩባያ ነው። ሲመሽ እተኛለሁ፣ ሌሊት ለማኅሌት እነሣለሁ።”

የተማርኩት ሁሉ አንድ በአንድ ይመጣብኝ ጀመር። ሰውነት ውሃ ሲጎድለው ኩላሊት ደም እንዳያልቅበት መግቢያ የደም ሥሩን በራሱ መላ ከፍቶ ይይዛል። የሰጠኋቸው ክኒን ሕመሙን የሚያስታግሰው ያንኑ የሰውነት መላ በመዝጋት ነው። ውሃ ለጠጣና አንድ አንድ እያለ ለሚወስድ ጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ አይከፋም። ቀኑን ሙሉ ውሃ ላልቀመሰ ሽማግሌ፣ ሦስቱን በአንድ ጉንጭ፣ ቀን በቀን! ፈተና ላይ ብጠየቀው ዓይኔን ጨፍኜ የምመልሰው ጥያቄ ነበር። ጦስኙን ደግሞ አባቴ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሲጠጡት ኖረዋል፤ በዚያ ሁሉ ጾም አንድም ቀን አላበጡም። ይህንንም ማንም አልደበቀኝም፤ ራሳቸው አርባ ዓመት ብለው ነግረውኝ ነበር።

“ያን ቀን ሐኪሙ ፊት ለምን አልነገሩትም?” አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሏል፤ ለአባቴ የማይገባ ድምፅ ነበር።

“እዚያ ቤት የምትሠሪው አንቺ ነሽ። በባልደረባሽ ፊት ላሳፍርሽ?”

“ኩላሊትዎ ቢሞትስ?”

“ሐኪሙ ሁለቱንም አቁሙ አለ፤ አቆምኩ። ከዚያ ወዲያ ምን ቀረ?”

“ሰንበቴው ላይስ? ጦስኙን ያለ ኃጢአቱ ስኮንነው ዝም አሉ?”

“ጦስኝ አያፍርም ልጄ” አሉኝ።

ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር ከፀፀቱ በፊት የመጣው ንዴት ነው። ሊሞቱ ሲሉ እንኳ የእኔን ክብር ሲጠብቁ፣ እኔ ግን ያን ዝምታቸውን እንደ ቅያሜ ቆጥሬ አለፍኩት። ደግሞም ዝም ማለታቸው ልክ አልነበረም፤ ይህንንም ነገርኳቸው። ለሐኪም እውነቱን አለመንገር ምን እንደሚያደርስ እግራቸው ሥር ተቀምጬ አንድ ሰዓት ለፈለፍኩ። አባቴ ሰምተው ሲጨርሱ “አጥፍቻለሁ” አሉ፤ እኔም “አጥፍቻለሁ” አልኩ። የጉልበታቸውን እብጠት በሞቀ ጨርቅ እየተኮስኩ አለቀስኩ። ክኒኑን በኪሴ መልሼ ተነሣሁ።

ሰኞ ሐኪሙ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን “እኔም ‘ስንት ጊዜ ይበላሉ’ ብዬ አልጠየቅኋቸውም” አለና ፋይላቸው ላይ ጻፈው። ከዚያ ለእልኬም ለሐቁም ብዬ አንድ ነገር ለመንኩት። በዚያው ሳምንት አባቴን አምጥቼ፣ ጾማቸውን ከፈቱና ውሃ ከጠጡ በኋላ፣ ኩላሊታቸውን እንዲያይልኝ፤ ከዚያ አንድ ስኒ ጦስኝ ጠጥተው፣ ቆይቶ ደግሞ እንዲያይልኝ። ከእኔ ይልቅ አባቴ ደስ አላቸው። ስክሪኑን በራሳቸው ዓይን ማየት ይፈልጉ ነበር። ቀዩና ሰማያዊው ብልጭ ብልጭ ሲል “ይህ ሁሉ በውስጤ ሲዘምር ሰምቼው አላውቅም” አሉ።

ጦስኙን ከጠጡ በኋላ ምን አየን? ምንም። ቀለሙ በፊትም እስከ ዳር ነበር፣ በኋላም እስከ ዳር ነው። የጨመረም የቀነሰም አልመሰለንም። ሐኪሙ “አንድ ሰው፣ አንድ ስኒ፣ አንድ ከሰዓት፤ ይህ ምንም አይባልም” አለ፤ በዚህ ከልቤ እስማማለሁ። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ነገር በኩላሊት ደም ላይ ምን እንደሚሠራ፣ በምን ያህል ሲጠጣ እንደሚጠቅምና በምን ያህል እንደሚጎዳ ዛሬም አላውቅም። አንድ ቀን በደንብ እንዲለካ እፈልጋለሁ፣ ይለካልም ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ድረስ ነፃ ነው ብዬም አልምልለትም። ነገር ግን ያልሠራውን ሠራ ብዬበታለሁ፤ ያን መመለስ ነበረብኝ።

ፍልሰታ ገና አልወጣም ነበር። እሑድ የሰንበቴው ሰው በቅጥሩ ሲሰበሰብ እንደገና ቆምኩ። ያኔ ስናገር አልፈራሁም፣ አሁንም አልፈራሁም። “መሪጌታን ያመማቸው ጦስኝ አይደለም። እኔ የሰጠኋቸው ክኒን ነው። ከምግብ በኋላ ሦስት ጊዜ ብዬ ጻፍኩ፤ አንዴ ስለሚበሉ ሦስቱንም አንድ ላይ ዋጡ፤ ሰውነታቸው ውሃ አልነበረውም። ወደ ኩላሊታቸው የሚገባውን ደም የዘጋው እሱ ነው። ስለ ጦስኝ የነገርኳችሁን ሳላጣራ ነው የነገርኳችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።”

አባቴ አንገታቸውን ደፍተው መሬቱን በመቋሚያቸው ይቆረቁራሉ። ያኔ ጦስኛቸውን ገደል ያስጣልኳቸው መነኩሲት ከሴቶቹ ወገን ቀና አሉ። ይወቅሱኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ስለ ጦስኙ አንድም ቃል አላነሱም።

“እንዲያ ብለሽ የጻፍሽው ለስንት ሰው ነው፣ ልጄ?” አሉኝ።

በመስኮቱ በኩል ያለፉት እጆች በዓይኔ ሄዱ፤ ጉልበት የሚያማቸው፣ ወገብ የሚያማቸው፣ ጥርስ የሚያማቸው፤ ሁሉም ከረጢቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው “እግዜር ይስጥሽ” ያሉኝ።

“ለሁሉም” አልኩ።

ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን ሳላውቅ በሰው ፊት ጠየቅሁ። ክኒን እየዋጠ የሚጾም ማን እንዳለ፣ እንዴትስ እንደሚውጠው። ከዚያ አንድ ቄስ “እኔ ሁለቱንም ማታ አንድ ላይ ነው” አሉ። ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ “እኔም” አሉ። አንዲት ሴት “እኔ የጠዋቱንና የቀኑን ለማታ እያቆየሁ” አለች። “እኔም እንዲሁ።” “እኔም።” ከወዲያም ከወዲህም ድምፅ መጣ። ብዙዎቹ እንዳያስከፉኝ እየሰጉ፣ አንዲት ፍሬ እንዳላጓደሉ እየነገሩኝ ነበር።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ከመነኩሲቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ በየተራ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። በዚያ መስኮት ስምንት ዓመት ስቀመጥ፣ በቀን ስንት ጊዜ ትበላለህ ብዬ አንድም ሰው ጠይቄ አላውቅም ነበር።